መርዶ ነጋሪው ሀይዌይ የወጣ ዕለት

ባሌ አለማየሁ ዳላስ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ቀስ ብሎ በመንዳትና መርዶ በመንገር።

ስለ አነዳዱ ብዙ ተቀልዷል። ሌክ ሃይላንድስ ካለው አፓርታማችን ተነስቶ ጋርላንድ ወዳለው መጋዘን ሥራ ሲሄድ፣ ሌላው ሰው በሀይዌይ ፉት ብሎ የሚደርስበትን መንገድ እሱ በየትራፊክ መብራቱ እየቆመ በውስጥ ለውስጥ ይሄደዋል። የግድ ከሆነ ከሀይዌዩ ጎን ጎን በምትሄደው ሰርቪስ ሮድ ላይ ያዘግማል፤ ከላይ የሚከንፉትን መኪኖች እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። እኔም "እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ ወጥ ከተሠራ በኋላ እኮ ነው እኛ የምንደርሰው" እለዋለሁ። አይስቅም። ስለ መንዳት ቀልድ አይወድም።

መኪናችንም ባለቤቷን መስላለች። ነጭ ኮሮላ ናት። አንድ ጊዜ ሱፐርማርኬት ደጃፍ ቆማ ተገጨችና የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኖው፣ ተጨማደደ። አለማየሁ ከአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ ግቢ ልኳ የሆነ ኮፈኖ አገኘላት፤ ግን ቀይ ነበር። "አስቀባዋለሁ" አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተቀባም። መቆለፊያውም በደንብ አይገጥምም፤ በቡጢ መታ አድርጎ ነው የሚዘጋው። ሐበሻው ሁሉ መኪናችንን ከሩቅ ያውቃታል፤ ሰርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም "ባለ ቀይ ግንባሯ መጣች" ይባላል።

ወደ መርዶው ልምጣ። የእኛ ሰው የዘመዱ ሞት በስልክ አይነገረውም። ማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚወዳቸው ሰዎች ተሰብስበው ይሄዱና አንዱ ይናገራል። ያ አንዱ እዚህ ከተማ ውስጥ አለማየሁ ነው። ማንም አልሾመውም። ረጅም ነው፣ ሽበታም ነው፣ ድምፁ አይቸኩልም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ከዚያ "እስቲ ውኃ ስጡኝ" ይላል። ውኃው ሲመጣ ግን አይጠጣውም። ለባለ ሐዘኑ ነው።

ይህ ሙያው ታዲያ ጣጣ አለው። በማለዳ በሩ ላይ የሚያየው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከከፍያለው የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ ሄዶ የከፍያለው ሚስት በሩን ከፍታ ስታየው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ "ወይኔ እናቴ!" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አለማየሁ መሰላሉን አቅፎ "መሰላል ነው ያመጣሁት፤ እመቤት፣ መሰላል ነው" ሲል ብታዩት። እናቷ ደህና እንደሆኑ አገር ቤት ተደውሎ ድምፃቸው እስኪሰማ ድረስ አላመነችውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማንም ቤት አይሄድም፤ ስልክም አይደውልም። እኔም አልደውልም። የእኔ ስም ስልኩ ላይ ከታየ እሱ ከአጠገቤ እንዳለ ያውቃሉ።

ሀይዌይ የፈራውም ከዚሁ ከመርዶው የተነሳ ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የነገረው መርዶ የአንድ ወጣት ነበር። ልጁ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሰው አድርሶ ሲመለስ ሀይዌይ ላይ ነው የሞተው። እናትየው ውኃውን ተቀበሉ፣ አላለቀሱም፣ አለማየሁን ቀና ብለው አዩትና "ስንት ነበር የሚነዳው?" ብለው ጠየቁት። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለሰው በውስጥ ለውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሀይዌይ አልወጣም።

ልጃችን ዮኒ ይሄን አይረዳም። እዚሁ ነው ያደገው፤ አሁን ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ቀን "ዳዲ፣ ጀርመን እኮ ስፒድ ሊሚት የሌለው ሀይዌይ አለ፤ የፈለግከውን ያህል ትሄዳለህ" አለው። አለማየሁ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እዚያ አገር መርዶ ለሚነግር ሰው እግዚአብሔር ይድረስለት" አለ። ዮኒ ሳቀ፤ "እዚህም እኮ የለም። ሰሌዳው ሰባ ይላል፣ ማለቴ፣ ማን ነው የሚያነበው? ኤቭሪባዲ ኤይቲ፣ ናይንቲ ነው። ሲክስቲ ከሄድክ አንተ ነህ ዴንጀረስ።" ልጄ እውነቱን ነው። ሰሌዳውን የሚያነበው ባሌ ብቻ ነው።

ባለፈው የካቲት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስልካችን ጮኸ። ናሆም ነበር። ናሆም የሙሉወርቅ ባል ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ያን ዕለት ቴነሲ ነበር። ሙሉወርቅ ዋይሊ የምትባል ከተማ ቤት ገዝተው እስኪወጡ ድረስ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች፤ ልጄ ናት ብል አላበዛሁም። "ምናሴ አረፈ" አለ ናሆም። ድምፁ ተሰብሯል። "እሷ አልሰማችም። እባካችሁ ድረሱላት።"

ምናሴ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ሲሞቱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር፤ እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው። ኩላሊቱን ታሞ አዲስ አበባ ከተኛ ሰንብቷል። እዚያ ቀኑ ተጋምሷል፤ ቀብሩ ያን ዕለት ከሰዓት ነው። ከቀብር መልስ ደግሞ አንዱ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ማለቱ አይቀርም። አንዱ ደግሞ የሰማች መስሎት ሊያጽናናት ይደውላል።

እኔን ያስፈራኝ መስማቷ አይደለም። መስማቷማ አይቀርም። ያስፈራኝ የት ሆና እንደምትሰማው ነው። ሙሉወርቅ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች። ከዋይሊ እስከዚያ ረጅም መንገድ ነው፣ ሀይዌይ ነው፣ እሷ ደግሞ ፈጣን ናት። አገር ቤት የምትደውለውም የሚደወልላትም እዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን፣ ሌላ ሰዓት የለንም። ስልኳ ከመኪናው ጋር ተገናኝቷል፤ ሲደወል በራሱ ይነሳና ድምፁ መኪናውን ይሞላዋል። በሰማንያ ማይል እየከነፈች፣ ብቻዋን፣ "ወንድምሽን ቀበርነው" የሚል ድምፅ ቢሰማትስ? ይህን እያሰብኩ ቀሚሴን ገልብጬ ነው የለበስኩት።

"አንተ ራስህ ደውልና ከቤት እንዳትወጣ በላት" አልኩት ናሆምን።

"ድምፄን አላምነውም፣ እትዬ አስካለማርያም" አለ። እውነቱን ነበር። እኔም አላመንኩትም።

ከፍያለውን በመንገዳችን ጫንነው፤ የናሆም አጎት ነው፣ ዘመድ የሌለበት መርዶ ወግ አይደለም። እሱ ዓይኑን ሞራ ተገፎ ገና መንዳት አልተፈቀደለትም። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ አለማየሁ ነዳ፤ እንደተለመደው በውስጥ ለውስጥ። "ዛሬ እንኳ ሀይዌይ ውጣ" አልኩት። "እንደርሳለን" አለ። በየቀይ መብራቱ ስንቆም ጉልበቴን በቡጢ እመታ ነበር። ሳክሲ የምትባለውን ከተማ አልፈን ዋይሊ ስንገባ ሰማዩ ነጣ።

ቤቷ ያለበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የጋራዡ በር ተከፍቶ፣ ግራጫ መኪናዋ ወደ ኋላ ወጣች፣ ዞረችና ሄደች።

አለማየሁ ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አነሳና መለሰው። መንገድ ላይ አስቁሞ መርዶ የሚነግር የለም። ተከተልናት። ዋናው መንገድ ላይ ቢጫው መብራት እሷን አሳለፈ፤ እኛን ቀዩ ያዘን። አረንጓዴ ሲበራ እሷ ጆርጅ ቡሽ የሚሉት የክፍያ ሀይዌይ መውጫ ላይ ነበረች።

"ሶ፣ ምን እናድርግ?" አለ ከፍያለው ከኋላ። "ኮል እናድርጋት?"

"ማን ነው ኮል የሚያደርጋት?" አልኩት። ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። መሰላሉ ትዝ ብሎት መሆን አለበት።

አለማየሁ መሪውን እንደያዘ መውጫውን አየው። በቀኝ በኩል የሚወዳት ሰርቪስ ሮድ ትታያለች። ይታጠፍባታል ብዬ ነበር። "ብቻዋን አትሄድም" አለ፤ ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ከዚያ "ማሰሪያሽን አጥብቂ" አለኝና ወደ ላይ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ጊዜ መልሼ ፈራሁ። ውጣ ውጣ ስል የነበርኩት እኔው ነኝ፣ ሲወጣ ግን የመኪናውን እጀታ ጨበጥኩ። በግራችን መኪኖቹ ያለ ማቋረጥ ይወርዳሉ። አለማየሁ ክፍተት ፈለገ፣ አጣ፣ መንገዱ እየጠበበ ሲያልቅ ተመለከትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥሩምባ ጮኸብን። ስከፍት ውስጥ ነበርን።

"ስንት ነኝ?" አለኝ። ዓይኑን ከመንገዱ መንቀል አልቻለም፤ የፍጥነት መቁጠሪያውን እኔ እንዳነብለት ነው።

"ስድሳ።"

"አሁንስ?"

"ሰባ።"

ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከኋላችን ፀሐይ ወጥታ መስታወቱን ሁሉ አቃጠለችው። ሙሉወርቅን ከፊታችን ለየናት፤ መሃል መስመር ይዛ ትሄዳለች፤ ተጠጋናት።

"አሁን ፓስ አድርጋትና በእጅህ ምልክት ስጣት፤ ኤግዚት ይዛ ትቁም" አለ ከፍያለው።

አለማየሁ ወደ ግራው መስመር ሊወጣ ፍሬቻ አበራ። ጎኗ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እጁን ያዝኩት። "ፊትህን ታያለች" አልኩት።

ገባው። ፍሬቻውን አጠፋ። በማለዳ የአለማየሁን ፊት፣ ያውም ሀይዌይ ላይ፣ በመስኮት አሻግሮ ማየት ከመርዶ አይተናነስም። ልናድናት መጥተን ልንገድላት ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረና ከእሷ ኋላ ገባ። ሳታየን ተከትለናት ሥራ ቦታዋ ስታቆም እንነግራታለን፤ ያሰብነው ያንን ነው።

ጥቂት እንደሄድን እግሯን ነዳጁ ላይ ጣለችው። ምክንያቱ አልገባንም። መኪናዋ ከፊታችን ተፈናጥራ ወጣች።

"ሰማች" አለ ከፍያለው።

ተደውሎላታል ማለት ነው፤ ድምፁ መኪናውን ሞልቶታል፤ እያለቀሰች ነው፣ ምንም አይታያትም። ግን ወደ ግራ ስትወጣ ፍሬቻ አበራች። ደግሞ ስትመለስ አበራች። "አልሰማችም" አልኩ። "የሰማ ሰው ፍሬቻ አያበራም።" ራሴን ለማጽናናት ነበር፤ ቢሆንም ሚዛን ደፋልኝ። ያቺን ብልጭ ብልጭ የምትል ብርቱካናማ መብራት ጸሎት እንደሚሰማ ሰው ተከተልኳት።

አለማየሁም ረገጠ። "ስንት ነኝ?"

ሰማንያ አምስት ነበር። "ሰባ አምስት" አልኩት።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከመሃላችን ገባ። ልናልፈው ጎኑ ስንደርስ ነፋሱ ኮሮላችንን ገፍቶ መንገዱ ዳር ወዳለው ግንብ አስጠጋት። ያን ጊዜ ነው ኮፈኖው መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ትር ትር አለ። ከዚያ ጠርዙ ጣት ያህል ተነሳ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሳ። ከተከፈተ የፊት መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ከፊታችን ምንም አናይም፣ ያኔ ለእኛ መርዶ ነጋሪ ይፈለጋል። ለዮኒ ማን ሊነግረው ነው? ባሌ እንደሆነ ከሟቾቹ አንዱ ነው። እግሬ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ነበር። ከፍያለው "ሰላም ለኪ" ጀምሮ መሃሉ ጠፍቶበት ደጋግሞ ይጀምራል።

"ተዋት፣ አለማየሁ" አልኩ። "ተዋት፣ እንሞታለን።"

"ስልኩ ቢጮህስ?"

"ቢጮህስ ምን ልታደርግላት ነው?"

"ከኋላዋ እሆናለሁ" አለ። "የሆነ ነገር ብትሆን መንገድ ላይ ብቻዋን አትቀርም።" ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ "ስንት ነኝ?"

ዘጠና አምስት። ሀይዌይ ላይ የሞተው ልጅ እናት ጥያቄ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። "ሰባ" አልኩት። ቅድም ሰባ አምስት ማለቴን ረስቼ ወደ ታች ዋሸሁ፤ እሱም ያወቀ ይመስለኛል፣ ግን "ጥሩ" አለ።

ድልድይ ላይ ድልድይ በተነባበረበት ከፍታ ላይ ወጣን፣ የካሮልተን ከተማ ከታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ታየና ጠፋ። ኮፈኖው ይመታል። እሷ ፍሬቻ ታበራለች፣ ትዞራለች፤ እሱም ያበራል፣ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም፤ በመጨረሻ የአውሮፕላን ሆድ ከላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ነው መድረሳችንን ያወቅሁት።

ወደ ሠራተኞች ፓርኪንግ ስትታጠፍ ፍጥነቷ ወደቀ። እኛም ታጠፍን። አንድ ጥግ ላይ አቆመች። አለማየሁ በሁለት መኪና ቦታ ላይ ተጋድሞ ፓርክ አደረገና እጁን ከመሪው ማላቀቅ አቃተው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እኔ ነኝ የፈታሁለት። የውኃውን ጠርሙስ ያዝኩ። ወረድን።

ሙሉወርቅ አልወረደችም። ሞተሩ እንደተነሳ ነው፤ ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው። ወደ ፊት ታያለች። አለማየሁ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ለሁሉም እንደሚያደርገው፣ በማይቸኩል ድምፁ "እንዴት አደርሽ ልጄ፤ በዚህ በኩል ሳልፍ..." ብሎ ጀመረ።

መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አደረገችው። ፊቷ ደረቅ ነበር። "ይቆዩ፣ ጋሼ። ገና አይንገሩኝ" አለች።

"ስልኬን ከቤት ሳልወጣ ነው ያጠፋሁት" አለች። "ማታ ናሆም 'ደህና ነው' ሲለኝ ድምፁን ጠረጠርኩት። ሀይዌይ ላይ ሳለሁ ቀዩን ኮፈኖ በመስታወት አየሁት። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ጋሽ አለማየሁ ሀይዌይ አይወጡም ብዬ። ቀጥሎ ግን... እርስዎ ሀይዌይ ከወጡ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።" መሪውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "ካልደረሱብኝ አልሞተም ብዬ ነው የሮጥኩት። ለእርስዎም እፈራ ነበር። በየመታጠፊያው ፍሬቻ የማበራው ከኋላዬ እንዳይጋጩብኝ ነው። ግን ማቆም አልቻልኩም፣ ጋሼ። እዚያ መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ ምናሴ ደህና ነበር።"

እኔ ያን ሁሉ መንገድ ስንጠብቃት የመጣን መስሎኝ ነበር። ለካ እኛው ነን ያባረርናት።

አለማየሁ ስንት ዓመት ሲናገረው የኖረው ቃል፣ የልጆቹ ደህንነት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ፣ ሁሉም ጠፋበት። እጁን በመስኮቱ ክፍተት አስገብቶ ትከሻዋ ላይ አኖረ።

"ደረስኩብሽ፣ ልጄ" አላት።

ሞተሩን አጠፋች። ውኃውን አቀበልኳት።